ለሬስሊንግ ያለቀስኩት ለቅሶ

እህቴ ልጇ ሞተ ብላ መሬት በተቀመጠችበት ቀን ልጁ ደህና እንደሆነ አውቅ ነበር። ሞቷል ብላ እንድታምን ያደረግኳትም እኔው ነኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ የለፋሁት አልሞተም ብዬ ለማሳመን ነው። በሕይወት ያለን ሰው በሕይወት አለ ብሎ ማሳመን ይህን ያህል አበሳ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጁ ወደ እኔ የመጣው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞትባት እህቴ አዳማ ውስጥ ከአንዲት ጨርቃጨርቅ ሱቅ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ አንድ ልጇን ይማርልኝ ብላ ላከችልኝ። ሳን ሊያንድሮ ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛ አደገ። አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሃይስኩል ሲገባ ትግል ጀመረ፤ እግሩ ከሶፋው አልፎ መንጠልጠል ሲጀምር ደግሞ ሳን ሆዜ ያለ አንድ የሬስሊንግ ኩባንያ ወሰደው። በባንዲራችን ቀለም ካባ ሰፍተውለት፣ የኢትዮጵያ ልጅ እያሉ ወደ ሪንግ ያስገቡት ጀመር።

ይህ ሬስሊንግ የሚሉት ነገር ቀድሞ የተጻፈ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን በወንበር እንደሚመታ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚወድቅ የሚወሰነው ቢሮ ውስጥ ነው። መውደቁ ያማል፤ ልጁ ከጨዋታ ሲመለስ ጀርባው ላይ በረዶ ካልያዝኩለት እንቅልፍ አይወስደውም። ውጤቱ ግን የጸሐፊዎች ሥራ ነው።

ኩባንያው ባሕር ማዶ ገበያ ሲያማትር ዓይኑ ኢትዮጵያ ላይ አረፈ። ወጣቱ ብዙ ነው፣ ቴሌቪዥን ይወዳል፣ በእጃቸው ደግሞ የአገሩ ልጅ አለ። ፕሮግራሙን ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአማርኛ ሊያስተላልፉ፣ ሰዉን ካስለመዱት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ዝግጅት ሊያደርጉ አሰቡ። በአማርኛ የሚያስተላልፍ ሰው ሲያፈላልጉ ልጁ አጎት አለኝ አላቸው።

እኔ ኦክላንድ መሀል ከተማ ያለ ፓርኪንግ ላይ ካሸር ነኝ። ጋዜጠኛ ሆኜ አላውቅም። ግን በጉርምስናዬ አዳማ ውስጥ የሰፈር ኳስ በሜጋፎን የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ፤ እዚህም የሐበሻ የኳስ ውድድር ሲደረግ ማይኩን የሚቀማኝ የለም። ሳን ሆዜ ስቱዲዮ ወስደው ሞከሩኝና ወደዱኝ። ኩራቴን ልደብቅ አልችልም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል የኖርኩ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዬ ድምፄ አገር ቤት በየሳሎኑ ሊገባ ነው ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ሥራውን ስጀምር አንድ ወረቀት ሳይን አድርጌያለሁ። ውጤቱ ቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ እንዳልናገር የሚል ነው። ከተናገርኩ እኔም ልጁም እንባረራለን። ስለዚህ እህቴ «እውነት ነው እንዴ የሚማቱት?» ብላ ስትጠይቀኝ «ስፖርት ነው እትዬ፣ ጥንቃቄ አለው» ብዬ አልፌያታለሁ። ለነገሩ እሷ ፕሮግራሙን አታይም ነበር። ልጄ ሲመታ ቁጭ ብዬ አላይም ትላለች። ደም ግፊት አለባት፤ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ወድቃ ግራ ፊቷ ተጣሞ ከሰነበተ በኋላ ነው የተመለሰላት። ሐኪሟ ከድንጋጤ ጠብቋት ብሎ አስጠንቅቆናል። አታይም የሚለውን ነገር ልጁም እኔም እንደ ዋስትና ይዘነው ነበር።

ለአዲስ አበባው ዝግጅት የተጻፈው ታሪክ እንዲህ ነው። ልጁ ሳን ሆዜ ላይ ክፉኛ ተመትቶ ይወድቃል፣ ኦክስጅን ተደርጎለት በቃሬዛ ይወጣል፣ ሕዝቡ ቁርጡን ሳያውቅ ይቆያል፤ ከዚያ ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ በእግሩ ቆሞ ይመጣል። ፕሮዲውሰሯ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ፈጣን ሴት ናት፣ ሐሙስ የሚተላለፈውን ልንቀዳ ማክሰኞ ዕለት ስቱዲዮ አስቀምጣኝ ምስሉን ከፈተችና «እንደ ሥራ አድርገህ አትየው» አለችኝ። «ልጅህ ነው። አልቅስ።»

መጀመሪያ አልመጣልኝም። ልጁን ራሱን ከአንድ ሰዓት በፊት ኮሪደር ላይ በርገር ሲበላ አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ውሸት ሆነብኝ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ እናታችንን አሰብኩ። እናታችን ለሕክምና እኔ ጋ መጥታ ነው ኦክላንድ ሐኪም ቤት ያረፈችው። የመጨረሻ ቀን አፏ ላይ የነበረው ማስክ፣ በማስኩ ውስጥ ልትናገር ስትታገል፣ እሱን ሳስብ ለቅሶው መጣልኝ። «ልጃችን… ልጃችን አይነቃነቅም» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ድምፅ ቃል አልነበረም። ፕሮዲውሰሯ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ አጨበጨበች። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ እንባዬን እየጠረግሁ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ልጁን ኤርፖርት አደረስኩት። አብሮት የሚሄደው የኩባንያው ሰው ፎቶ እንዳይለጥፍ ብሎ ስልኩን ተቀብሎታል። «እናትህን ኮል አድርገሃታል?» ስለው እንዳይደውል መታዘዙን ነገረኝ፤ ሰርፕራይዝ ይሆንላታል ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኤርፖርቱ በቀጥታ ሥራ ገባሁ።

ረፋዱ ላይ፣ አዳማ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ የእህቴ ስልክ መጣ። ለካ ጎረቤቶቿ የወንድምሽ ድምፅ በቴሌቪዥን ይሰማል እያሉ ሲያስጎመጇት ሰንብተው፣ በዚያ ምሽት ሳሎኗ ተሰብስበው አብረዋት ከፍተውታል። ልጇን ልታይ አይደለም የተቀመጠችው፤ እኔን ልትሰማ ነው።

«ልጄስ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ። በዚያች ደቂቃ እትዬ፣ ጨዋታ ነው፣ ልጅሽ አውሮፕላን ላይ ሆኖ ወዳንቺ እየመጣ ነው ብላት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ሳሎኗ ውስጥ ደርዘን ጎረቤት አለ። ለእሷ ከነገርኩ ነገ አዳማ በሙሉ ያውቃል፣ ልጁም ከሥራው ይባረራል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ መጣብኝና አፌ የለመደውን አወጣ።

«ደህና ነው እትዬ። ሐኪም ቤት ነው። አንገቱን ትንሽ ነው።»

«አገናኘኝ።»

«አሁን ተኝቷል።»

«ተኝቷል?» አለች። ያልኳት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝና ክው አልኩ። እናታችን ያረፈች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለእህቴ በስልክ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟት ተኝታለች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ላለች ሴት በተለይ አይነገርም። የዕድሯ ዳኛና ሽማግሌዎች ተሰባስበው ገና ሳይነጋ በሯን እስኪያንኳኩ ድረስ ሐሰት ተናግሬ አቆየኋት። ወጋችን ነው፣ ማንም አልወቀሰኝም። አሁን ግን ያው ሰው፣ በዚያው ድምፅ፣ ተኝቷል አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። ወረቀቱም ኩባንያውም ገደል ይግቡ ብዬ እውነቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጨዋታ መሆኑን፣ መጻፉን፣ ልጁ ዛሬ ጠዋት እየሳቀ መሳፈሩን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የእማዬ ቀብር ጊዜ ያለቀስከውን ለቅሶ ነው ያለቀስከው» አለችኝ። «ቪዲዮውን ስንቴ አይቼዋለሁ። እኔ ያንተን ለቅሶ አላውቀውም?»

«እትዬ፣ አልቅስ ብለውኝ ነው።»

«አልቅስ ተብሎ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው የለም። በል፣ አታድክመኝ። የሚነግሩኝን ሰዎች ላክ።»

ከዚያ በኋላ የላክሁት ሁሉ ተመልሶ በላዬ መጣ። ልጁ ሻንጣውን ሲያነሳ ያነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት፤ የድሮ ነው አለች። ጎረቤቷ ስልኩን ተቀብላ «አንተ ራስህ ስታለቅስ ሰምተን እንዴት አድርገን እንመንህ?» አለችኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ በሐዘኔታ። በየመሀሉ መኪና ይመጣል፣ ትኬት እቀበላለሁ፣ መቀርቀሪያውን አነሳለሁ። አንዲት ሴት ሳላስከፍላት መቀርቀሪያውን ባነሳላት፣ ደግ ሴት ነበረችና ራሷ አስታወሰችኝ።

ለፕሮዲውሰሯ ደወልኩ። ልጁ መሀል መንገድ አውሮፕላን ሲቀይር ለአንድ ደቂቃ ስልክ ይሰጠው ብዬ ለመንኳት። አይሆንም አለች፤ በኤርፖርት ሰው ቢያየው የወራት ሥራ ይበላሻል፣ ደግሞም እናቱ ቅዳሜ ታየው የለም ወይ አለችኝ። ቅዳሜ። እህቴ ቅዳሜን የምታይ አልመሰለኝም።

በመውጫው በኩል የሚሠራ ኤርትራዊ ባልደረባ አለኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሐጂ ነው የምላቸው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ፊቴን አይተው መጡና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ስልኩን ተወው» አሉኝ። «በስልክ የምትለው ሁሉ እንደ መሸፈን ነው የሚታየው። የምታከብረው ሰው ሄዶ ፊት ለፊት ይንገራት። ሰው ላክባት።»

«ማንን ልላክ ሐጂ?»

«የምታምነውን ሽማግሌ ነዋ። ለእኛ ሰው ይህ ይጠፋል?»

እውነታቸውን ነው ብዬ አመንኩ። የዕድሩን ዳኛ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ሰማንያ የተጠጉ፣ ዘወትር ኮፍያ የማይለያቸው አባት ናቸው። «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይሂዱልኝ፣ የእርስዎን ቃል ታምናለች። ልጁ በሕይወት አለ» አልኳቸው። «ለእኔ ለብቻዬ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። በእናቴ አጽም ማልኩላቸው። በመጨረሻ አመኑኝ መሰለኝ። «መሽቷል፤ በዚህ ሰዓት ሽማግሌ አይሰበሰብም። ጠዋት በጊዜ፣ ሱቋን ሳትከፍት፣ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። እንዲያውም ቄሱን እጨምራለሁ አሉኝ፣ ቃሉ እንዲከብድ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ስዘጋ ከረፋዱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጠጣሁ።

አራት ሽማግሌ፣ ከነቄሱ፣ ሳይነጋ። እንዴት አልታየኝም? ሐጂም አልታያቸው፣ ዳኛውም አልታያቸው። ሁላችንም ወጉን ከልጅነት ጀምሮ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ስለ ቃሉ ስንጨነቅ አካሄዱን ረሳነው።

ማምሻውን ቤቴ ስገባ የአፓርታማው ደረጃ ላይ ሦስት የምናውቃቸው ሴቶች ሰሃን በፎጣ ሸፍነው ቆመው አገኘኋቸው። ወሬው በስልክ ዞሮ ሳን ሊያንድሮ ደርሷል። አልሞተም ስላቸው እርስ በርስ ተያዩና «እሺ፣ እሺ፣ በርታ» እያሉኝ ገብተው ተቀመጡ። ልጁ ሲያድግበት የነበረው ሶፋ ላይ። ልቆጣ ፈልጌ አቅም አጣሁ። ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ሳለ ነው ዳኛው የደወሉት።

«ልጄ» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ከኋላቸው የሴቶች ጩኸት ይሰማል። «በሩን ከፍታ አየችን። አፋችንን አልከፈትንም። አፋችንን ሳንከፍት ጮኸች።»

ወድቃለች። ደፉ ላይ ነው የወደቀችው። አልሞተም፣ አልሞተም እያሉ እነዚያ አራት ሽማግሌዎች ሲጮኹ የሰማቸው የለም፤ ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤት ቄሱን ከፊት ሲያይ ደረቱን እየመታ ገባ። ግራ ፊቷ እንደገና ተጣሟል። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ሲሏት እንቢ ብላለች፣ የልጄ ሬሳ እስኪመጣ ከዚህ አልነሳም ብላለች። ዳኛው እያለቀሱ ነበር። «ድንኳን ጣሉ እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ፕሮዲውሰሯን እንደገና ደወልኩላት። በዚህ ጊዜ አልለመንኩም፤ እየጮህኩ ነው የነገርኳት። ሰማችኝና የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር «ድንኳን ተክለዋል?» የሚል ነው። ድምጿ ተቀይሯል። ሰዉ በሙሉ አምኗል ማለት ነው አለች፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ልጁ ከአውሮፕላን እንደወረደ በቀጥታ እናቱ ጋ ይሄዳል፤ ከካሜራ ጋር። የቤቱን አድራሻ ስጠኝ፣ ነገ ጠዋት አንተም ስቱዲዮ ና፣ ምስሉ ሲገባ ታስተላልፋለህ።

ይህን ስጽፍ ይቀፈኛል። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ካሜራውን እንቢ ካልኩ ልጇን የምታየው ቅዳሜ ነው። እህቴ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እንዲህ ሆና ማደር አትችልም። አድራሻውን ሰጠሁ። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፣ ድንኳን ይታያችኋል አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሳን ሆዜ የነዳሁት ሳልተኛ ነው። መንገዱ ተጨናንቆ ነበርና በየመብራቱ እየጸለይኩ ሄድኩ፤ ያለ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን፣ ትቆይልኝ ብቻ እያልኩ። ስቱዲዮ ገብቼ ማዳመጫውን ስደፋ ስክሪኑ ላይ ድንኳኑ ታየ። ካሜራው ከልጁ ጀርባ ነው የሚሄደው። ሰፊ ትከሻውና የጉዞ ቦርሳው ይታያል። አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ወንዶች መጀመሪያ ቦታ ሊለቁለት ተነሱ፣ ለለቅሶ የመጣ እንግዳ መስሏቸው። አንዱ ለየውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ሴቶቹ አዩት። እንደዚያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ደስታም ፍርሃትም አይመስልም።

እህቴ ነጠላዋን አደግድጋ ፍራሽ ላይ ነበረች። አልተነሳችም። ልጁ ፊቷ ተንበርክኮ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አላት፤ ከዚያ አማርኛው አልቆበት «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ብቻ ይላል። ሁለት እጇን ሰዳ አንገቱን ያዘችው። አንገቱን በጣቶቿ ዳበሰችው፣ ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ አዞረችው፣ የተሰበረ ቦታ ስትፈልግ። አላገኘችም። ያን ጊዜ ግንባሩን ስማ ራሱን ደረቷ ላይ ያዘችው። በግማሽ ፊቷ ነበር የምታለቅሰው፤ ግራው አይንቀሳቀስም። ፕሮዲውሰሯ በመስታወቱ ውስጥ ተናገር፣ ተናገር እያለች እጇን ታወዛውዛለች። ማይኩ ፊቴ ነው፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ጥቂት ቆይታ እህቴ ልጁን አንድ ነገር ጠየቀችው። የኩባንያውን ሰው ስልክ ተቀብሎ ደወለና ሰጣት። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማዳመጫውን ከአንዱ ጆሮዬ ገፍቼ አነሳሁት።

«አንተ ነህ?» ቃሉ በተጣመመው ከንፈሯ ተጎትቶ ነው የሚወጣው።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ስታለቅስ ደህና መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በስክሪኑ አያታለሁ። ልጇን በአንድ እጇ እንደያዘች ነው፤ ዓይኗ ግን ካሜራው ላይ ነው፣ እኔን የምታይበት ያህል።

«የእማዬ ቀን ያለቀስከውስ?» አለችኝ።

«እሱማ እውነት ነው» አልኩ። «እውነት ነው እትዬ፣ በእግዚአብሔር።» ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ማዳመጫው ባለበት ጆሮዬ ራሴን ሰማሁት፤ ልክ ማክሰኞ ዕለት እንደተንቀጠቀጠው አሳምሮ ተንቀጠቀጠ። እሷም ሰማችው። ስልኩን ለልጇ መለሰችለት።

«አጎቴ» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ «ምን ብለሃት ነው?»